ያቃጥላል ነው ያልኩት

እትዬ ትርንጎ ባረፉ በሦስተኛው ቀን፣ ሞርስ ሮድ አጠገብ ባለው አፓርታማቸው ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ተነስቶ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የት እንደተወለዱ፣ ማተሚያ ቤት ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ አሜሪካ፣ ኮለምበስ እንዴት እንደመጡ ካነበበ በኋላ «እትዬ ትርንጎ ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ቀና ብለው የሰው ፊት የማያዩ እናት ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠው ከድር ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሌላ ለቅሶ ቤት ገብተን ይሆን እንዴ?» አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ዝምተኛ! ሰው ሲሞት መልሶ የሚናገር ስለሌለ ያሻቸውን ይለጥፉበታል። እኔ ከእትዬ ትርንጎ ጋር ሁለት ዓመት ከምናምን ሠርቻለሁ። ከሰው ሁሉ ይበልጥ ያስቀየምኳቸውም እኔ ነኝ። ዝምተኛስ እኔ ነበርኩ። ይህንን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ ከበረደልኝማ እኔም እንደዚያ ሰውዬ አሳምሬ መዋሸቴ አይቀርም።

የተዋወቅነው ኮለምበስ ዳር፣ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ነው። ሰው በኢንተርኔት አዝዞ «አልሆነኝም» ብሎ የመለሰውን ልብስና ጫማ ተቀብለን፣ ፈትሸን፣ አጥፈን እንደገና የምናሽግበት ክፍል ነበር። እኔ ሊድ ነበርኩ። ሊድ ማለት እዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚችል ሠራተኛ ማለት ነው። ከሱፐርቫይዘሩ የመጣውን ለሐበሻው፣ ከሐበሻው የመጣውን ለሱፐርቫይዘሩ አደርሳለሁ፤ ሁለቱም ወገን እንዳይቆጣ አድርጌ። ይህንን እንደ ጥበብ እቆጥረው ነበር።

እትዬ ትርንጎ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ሰበር ያለ። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አራሚ ነበሩ፤ ሌላው የጻፈውን ከመታተሙ በፊት ፊደል በፊደል እያነበቡ ስህተት የሚለቅሙ። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠርግ ካርድ፣ የመድኃኒት ማብራሪያ፣ የቀብር ማስታወቂያ ሁሉ በዓይናቸው አልፏል። አንድ ጊዜ መድኃኒት ላይ «ከምግብ በፊት» መባል ያለበት «ከምግብ በኋላ» ተብሎ ሊታተም ሲል ሮጠው ማሽኑን እንዳስቆሙ ሲናገሩ፣ ሌላ ሰው ስለ ልጁ ሠርግ የሚያወራ ይመስሉ ነበር።

ኮለምበስ መጥተውም አልተዉትም። ሞርስ ሮድ ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምን ያህል እንደሚፈሯቸው አይቻለሁ። ሜኑ ሲሰጣቸው ግንባራቸው ላይ የተሰቀለውን መነጽር ዝቅ ያደርጉና ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው ያወጣሉ። አንድ ቀን ባለቤቱ ትዕግሥቱ አልቆ «እትዬ፣ እዚህ ሰው የሚመጣው ሊበላ እንጂ ሊያነብ አይደለም» አላቸው።

«ያላነበበ ሰው የሚበላውን በምን ያውቃል?» አሉት፤ «ዱለት» የሚለውን «ዱላት» ብሎ የጻፈውን እያረሙ።

እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይሰባበርባቸዋል፤ ሲያነቡ ግን መዝገበ ቃላት ካለ የሚያመልጣቸው የለም። ሥራ ስንቀጠር ሁላችንም በአንድ ደቂቃ የፈረምነውን የወረቀት ክምር እሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አንብበውታል። ሰው ስለ ማንኛውም ነገር «እንዲህ ተብሏል» ካላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቃሉን አሳየኝ።»

የእኛ ክፍል ከሕንፃው ጀርባ ነበር። የፊቱ ታድሶ አዲስ መብራት ገብቶለታል። እኛ ጋ ግን ጣሪያው ላይ የቀሩት ድሮ የተሰቀሉ ትልልቅ አምፖሎች ናቸው። ጠዋት ሲበሩ ብዙ ደቂቃ እያቃሰቱ ነው የሚደምቁት። ብርሃናቸው ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል፤ ከንፈራችን የሬሳ ከንፈር ይመስል ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ብራያን «ዘ ላይትስ» ብቻ ይላቸዋል። ከድር «ሰነፎቹ» ይላቸው ነበር። ከድር በዲቪ የመጣ የጅማ ሰው ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ቼሪ ፒከር ነጂ። ቼሪ ፒከር ነጂውን ጭምር ተሸክሞ እስከ ላይኛው መደርደሪያ የሚወጣ ማሽን ነው።

ትክክለኛ ስማቸውን የነገሩኝ እትዬ ትርንጎ ናቸው።

«የሜርኩሪ መብራት ነው ይሄ።»

«ሜርኩሪ ደግሞ በአማርኛ ምንድነው?»

«ባዜቃ ነዋ! ብር የሚመስለው፣ የሚንከባለለው። እዚያ ውስጥ ተንኖ ነው የሚያበራልሽ። ማተሚያ ቤት የማተሚያ ሰሌዳ በብርሃን የሚቀረጽበት ፕሌት ክፍል ነበረን፤ በመጋረጃ ተጋርዶ። ያንን መብራት ራቁቱን ያየ ሰው ማታውኑ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል። አንዱ ልጅ ደፍሮ አይቶ ሳምንት ሙሉ በሰው እጅ ተመርቷል።»

እኔ ይህንን የሰማሁት እንደ ወሬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከድር ዕቃ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ዕቃው የተደረደረበት የእንጨት ፓሌት ጫፍ አንዱን አምፖል ገጨው። ከእኛ ጠረጴዛዎች በላይ ያለውን ነው። የውጭው ትልቁ ብርጭቆ ተሰብሮ ረገፈ። ደግነቱ ሰው ላይ አላረፈም። የሚገርመው መብራቱ አለመጥፋቱ ነው። ውስጡ ያለችው የጣት ያህል ብርጭቆ ብቻዋን ቀርታ እንደ ብየዳ ጭራሽ ደምቃ ታበራለች።

ከድር ወዲያው ሬዲዮውን አንስቶ ለብራያን ነገረው። የእኔም ሬዲዮ ወገቤ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። «አይ ብሬክ ላይት፣ ኢዝ ብሮክን፣ ፕሊስ ካም» ነው ያለው። ብራያን መጣ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ዓይኑን አጨናበሰ፣ «ይበራል አይደል? እንግዲያው ችግር የለም» አለ። ብርጭቆውን አስጠረገና ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ መብረቅ ከወደቀ በኋላ እንደሚሸት ዓይነት ሽታ መጣ። እትዬ ትርንጎ እጃቸው ላይ የነበረውን ሸሚዝ አስቀመጡ።

«ሰናይት፣ ነይ እስኪ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ። የፕሌት ክፍሉ ሽታ ነው። ሂጂና ለሰውዬው አጥፋው በይው። ያቃጥላል በይው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ፊት ያቃጥላል።»

ሄድኩ። ብራያን ጠዋት ጠዋት ለአለቆቹ የሥራውን ቁጥር የሚልክበት ሰዓት ስለሆነ ፊቱ ተኮሳትሯል። እኔም እንደ ልማዴ አለሳለስኩት፤ «አንዷ ሴትዮ ብርሃኑ ትንሽ አልተመቻቸውም» አልኩት። «ኮፍያ ያድርጉ በያቸው» ብሎ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ስመለስ እትዬ ትርንጎ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ሳቁን ሰምተዋል።

«ምን አልሽው?»

«ብርሃኑ አልተመቻቸውም አልኩት።»

«አልተመቸኝም አላልኩም! ያቃጥላል ነው ያልኩት። አልተመቸኝም የሚባለው ወንበር ነው፣ ጫማ ነው። እሳት አልተመቸኝም ይባላል?»

እንደዚያ ተቆጥተው አይቼያቸው አላውቅም። ወደ ሎከራቸው ሄደው ጥቁር ጃንጥላ ይዘው መጡና፣ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ፣ በሃምሳ ሰው ፊት፣ ጃንጥላውን ዘርግተው ጠረጴዛው እግር ላይ አስረው ከሥሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ስልክ አውጥቶ የቀረጻቸውም ነበር። ዕቃ ከሚያመላልሰው ቤልት ወዲያ ያሉት ሳይቀሩ መጥተው አዩአቸው። እሳቸው «ሳቁ፤ ነገ ታለቅሳላችሁ። እናንተም ሸፍኑ፣ መነጽር አድርጉ» እያሉ ያጥፋሉ። ብራያን መጥቶ ጃንጥላው ለሰው መተላለፊያ አደገኛ ነው፣ የሴፍቲ፣ የደኅንነት ጉዳይ ነው ብሎ አሳጠፋቸው። አዎ፣ ሴፍቲ ነው ያለው። ጃንጥላውን ወሰደባቸው፤ መብራቱን አላጠፋም። ያኔ ሻሽ ፊታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ እጅጌያቸውን እስከ ጣታቸው ሳቡ፣ ያቺን መነጽራቸውን አጥብቀው ቀኑን ጨረሱ። ከድር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደዚያች ብርሃን እየወጣና እየወረደ ዋለ።

በማግሥቱ ጠዋት ዓይኔን መክፈት አቃተኝ። የዓይኔ ቆብ ሥር ጠጠር የተደፋ ይመስላል። እንባዬ ይወርዳል፣ ፊቴ ቀልቷል፣ ውሃ ሲነካው ያስጮኸኛል። ከእኛ መሥመር አራት ሰው እንደዚያ ሆነ። የከድርን ግን ሚስቱ ደውላ ስትነግረኝ ማመን አልቻልኩም። አንገቱና ጉንጩ ውሃ ቋጥሯል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነዋል፤ ልጆቹ ሲያዩት ሸሽተው ሌላ ክፍል ገብተዋል።

ዌርሃውሱ ውስጥ ግን ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀን። ከኤችአር፣ ከሠራተኛ አስተዳደሩ፣ የተጻፈ ነው። በሥራ ቦታችን የዓይን ተላላፊ በሽታ ስለታየ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ፣ ፎጣ አትዋዋሱ ይላል። ሐሙስ ዕለት ዓይኔ ትንሽ ሲሻለኝ ስገባ ወረቀቱን አነበብኩና ቀና አልኩ። መብራቱ እንደበራ ነው። ሌላ አራት ሰው አምጥተው ከሥሩ አቁመዋል።

እትዬ ትርንጎ ጠረጴዛቸው ላይ የሉም። ሁሉም ምሳ ሊወጣ ሲል ከጥገና ሠራተኞቹ ዕቃ ማስቀመጫ በኩል መጡ፤ እጃቸው ላይ የተቀደደ ካርቶን ይዘዋል። የዚያው አምፖል መጠባበቂያ የታሸገበት ካርቶን ነው፤ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ጎኑን ብቻ ቀደው አምጥተውታል።

«አንብቢ» አሉኝ።

አነበብኩ። የውጭው መስታወት ከተሰበረ መብራቱ ቆዳን በብርቱ ሊያቃጥል፣ ዓይንን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ሰው ባለበት ቦታ ወዲያው መጥፋት እንዳለበት ይናገራል። ቀጥሎም ብርጭቆው ሲሰበር በራሱ የሚጠፋ ሌላ ዓይነት አምፖል እንዳለ ይገልጻል።

«አየሽ? ራሱን የሚያጠፋ አለ ይላል። እነዚህ ያልገዙት እሱን ነው። በግልጽ ጽፈውታል፣ ሰው ደግሞ ግልጹን አያነብም! አሁን ሂጂና ይሄንን ቃል ለሰውዬው አንብቢለት። ከራስሽ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ምንም እንዳትቀንሺ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ይረጋጉ፤ ከምሳ በኋላ በጥሩ ሁኔታ ላነጋግረው…» አልኩ።

ቃሌን አልጨረስኩም። እትዬ ትርንጎ ዞር አሉና ቤልቱ ጎን ያለውን ቀዩን ማቆሚያ በመዳፋቸው መቱት። ያ ሁሉ ማሽን እየተንገጫገጨ ቆመ። ያንን ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ብራያን እየሮጠ መጣ። ምን ሆኗል፣ ሰው ተያዘ ወይ እያለ ይጮሃል። እትዬ ትርንጎ ካርቶኑን ደረቱ ላይ ለጠፉለትና በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው ጮኹ፦

«ሪድ! ዩ ሪድ! ናው!»

ቤቱ ሙሉ ያየዋል። አነበበ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው መሰለኝ። ከዚያ ሄዶ የጥገና ሠራተኛ ጠራ፣ መብራቱ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

በሳምንቱ ኤችአር ቢሮ ጠሩን፤ እትዬ ትርንጎን ምስክር ብለው፣ እኔን አስተርጓሚም ምስክርም ብለው። የተዘጋጀ ወረቀት አለ። ሠራተኞች ከአቧራ የተነሳ መጠነኛ የዓይን ማሳከክ እንደደረሰባቸው፣ ከድር የሚባለው ነጂ መብራት መስበሩን ለአለቃው ሳያሳውቅ ሥራውን እንደቀጠለ ይላል። ከድርን ሊያባርሩት ነው። ዓይኑ ተሸፍኖ ቤቱ በተኛበት።

ለእትዬ ትርንጎ ተረጎምኩላቸው። ያን ቀን እንኳ አላለሳለስኩም፤ እንዳለ ነው የተረጎምኩት። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ቀይ እስክሪብቶውን አወጡ፣ «አቧራ» የሚለውን ሰርዘው «መብራት»፣ «ማሳከክ» የሚለውን ሰርዘው «ቃጠሎ» ብለው በእንግሊዝኛ በጥንቃቄ ጻፉ። «ሳያሳውቅ» የሚለውን ሲሰርዙት ወረቀቱ ተቀደደ።

የኤችአሯ ሴትዮ ከወንበሯ ተነሳች። «ይህ ሰነድ ነው፤ ላዩ ላይ መጻፍ አይቻልም በያቸው» አለችኝ።

«ታዲያ ፈርሚ ያለችኝ ምን ላድርግ ብላ ነው? መፈረም መጻፍ አይደለም?» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ስሜን ከሥሩ ካኖርኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቆሻሻ አልጽፍም።»

ሴትየዋ ሌላ ንጹሕ ቅጂ አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው። ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ በባንክ ብድር ቤት ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሊድነቴን እወደው ነበር። ሰበብ መደርደር አልፈልግም። ብራያን በሩ ጋ ቆሞ ያየኛል። ብዕሩን አንስቼ ፈረምኩ።

እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንብበሽዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የመነጽር አይደለም» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

በዚያው ሳምንት ሁለቱም ተባረሩ። ከድር ሳያሳውቅ ቀረ ተብሎ፣ እሳቸው ያለ በቂ ምክንያት ማሽን አቆሙ ተብሎ። እኔ ቀረሁ። ብራያን መተላለፊያው ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ሠራተኛ ነሽ» ይለኛል። ያንን ትከሻ ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስደውልላቸው እትዬ ትርንጎ ያነሱ ነበር፤ ሳያነሱ ቢቀሩ ይሻለኝ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎ ደህና ነዎት?» አሉኝ። ልጃቸው ልሆን የምችለውን ሴት አንቱ አሉኝ። «እትዬ፣ ኧረ በእኔ ሞት!» ብላቸው «ምን አጠፋሁ? አክብሬ ነው ያነጋገርኩዎት» አሉኝ። ስድብ ብሰማ አንድ ቀን አልቅሼ እረሳው ነበር። ያ «እርስዎ» ግን ወራት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰካ አጥንት ቆየ።

ከድርን ይዘው ያልዞሩበት ቢሮ የለም። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሥራ ይዘው ነበር፤ በዕረፍት ቀናቸው ባስ ይዘው ይወጣሉ። ቅጹን ይሞላሉ፣ የሐኪም ወረቀት ያስጽፋሉ፣ የሞላው ላይ ስህተት ካገኙ እንደገና ይሞላሉ። በመጨረሻ የሥራ ላይ ጉዳት የሚታይበት ቢሮ መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ቀጠሮ ሰጠ። ኩባንያው ደግሞ የራሱ ምስክር አድርጎ አቀረበኝ። ፊርማዬ አለዋ! ብራያን በራሱ መኪና ወሰደኝ። የኩባንያው ጠበቃ አጠገብ አስቀመጡኝ። ማዶ ከድር ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እትዬ ትርንጎ ካርቶናቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና በአንገታቸው ሰላም አሉኝ፤ እንደማያውቁት ሰው።

ለከድር በስልክ አስተርጓሚ ተመድቦለታል፤ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ የሚሰማ፣ የት እንዳለ የማናውቀው ሰው ነው። ጠበቃው መብራቱን እንደ ኢንጂነር ይገልጸዋል። ተሰበረ አይልም፤ ቃጠሎ አይልም። «የብርሃን ተጋላጭነት» ይላል፣ «ክስተቱ» ይላል። ከዚያ የአምፖሉን የውጭ ብርጭቆ በቴክኒክ ስሙ ጠራው። በእንግሊዝኛ ያ ስም፣ ኤንቨሎፕ፣ ከደብዳቤ ፖስታ ጋር አንድ ነው። አስተርጓሚው ሳያስብ ተረጎመው፦

«የውጭው ፖስታ መቀደዱን አይተዋል ወይ?»

ከድር ግራ ገባው። «ምን ፖስታ? እኔ የማንንም ፖስታ አልቀደድኩም።»

አስተርጓሚው መለሰ፦ ፖስታ አልተቀደደም ይላል። በእንግሊዝኛ ሲሰማ፣ የአምፖሉ ብርጭቆ አልተሰበረም ማለት ነው። ጠበቃው ፈገግ አለ፤ ጻፈ። ጉዳዩን የሚያየው ሹምም ጻፈ።

እትዬ ትርንጎ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ፖስታ አይደለም! ብርጭቆ ነው! ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ! ሰው አቃጥላችሁ ፖስታ ትላላችሁ?» ሹሙ በእጁ ይቀመጡ አላቸው። አማርኛ አልገባውም፤ አንዲት የምትጮህ አሮጊት ብቻ ነው የታየችው። እሳቸው ክፍሉን ሲቃኙ ዓይናቸው ከእኔ ጋር ገጠመ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተነሳሁ። «ትርጉሙ ስህተት ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አስተርጓሚው የጠየቀው ስለ ደብዳቤ ፖስታ ነው። ከድር ብርጭቆው አልተሰበረም አላለም። ብርጭቆው ተሰብሯል፤ ያን ጊዜ በሬዲዮ ሲያሳውቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ አይቶ ሄዷል።» ጠበቃው ክንዴን ሊይዘኝ ሞከረ። «የፈረምኩት ወረቀት ሐሰት ነው። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

ብራያን ወደ ቤት አልመለሰኝም። ባስ ይዤ ነው የሄድኩት። በማግሥቱ ሊድነቴ ቀረ፣ በወሩ ፈረቃዬን እየለዋወጡ ሲያመላልሱኝ ራሴ ለቀቅኩ።

ውሳኔው በፖስታ ሲመጣ ከድር ቤት ተሰበሰብን። ማንም ሰው ጨረፍ አድርጎ እንዲያየው እትዬ ትርንጎ አልፈቀዱም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ የፋይል ቁጥሩን ሳይቀር፣ እየተረጎሙ ጮክ ብለው አነበቡልን። ከድር ጉዳቱን አሳውቆ እንደነበር ይላል። ጉዳቱ ከመብራቱ የመጣ ቃጠሎ መሆኑን ይላል። ሕክምናው እንዲሸፈን ወስኗል።

«አሸነፍን ማለት ነው?» አለ ከድር።

እትዬ ትርንጎ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። «ቃሉን አስጽፈናል። ዓይንህን ግን ማን ይመልስልሃል? ያ ሰውዬስ ምን ሆነ?»

ያ ሰውዬ ምንም አልሆነም። ብራያን ትልቅ ዌርሃውስ ተሰጥቶት አድጎ ሄዷል። የከድር ቀኝ ዓይን ዛሬም ፀሐይ ሲያይ ያለቅሳል፤ ማሽን መንዳት ቀርቶ የልጁን ኳስ ጨዋታ ውጭ ቆሞ ማየት አይችልም። ፊርማዬ አሁንም የሆነ ፋይል ውስጥ አለ።

ያን ቀን እትዬ ትርንጎን በመኪናዬ ልሸኛቸው ጠየቅኩ። እሺ አሉ። አፓርታማቸው በር ላይ ስቆም ቀበቶውን ፈቱ፣ ግን አልወረዱም።

«ሰናይት» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ያን ቀን ለምን ፈረምሽ?»

ፈረምሽ አሉ። «እርስዎ» ቀረ። ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ፈርቼ» አልኩ።

ያኔ ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ቀን ጃንጥላ ዘርግተው እንደቆሙት ሳይሆን፣ በጣም የደከማቸው አሮጊት ሆነው። ድምፃቸው ግን እየነደደ ነበር።

«እኔስ ያልፈራሁ መስሎሻል? ያንን ቀይ ነገር ስመታ እጄ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አላየሽም? አጠገቤ ቆመሽ!»

ወርደው የመኪናውን በር ጠረቀሙት።